የእትዬ እንጉዳይ ቅል

በለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው። እኛ ግን ሳቅን፤ ያውም ቄስ ፊት። ከትክል ድንጋይ የመጡት የእትዬ እንጉዳይ ዘመዶች እስከ ዛሬ ይቅር እንዳላሉን እሰማለሁ። ይህን የምጽፈው ምናልባት ከእነሱ አንዱ ቢያነበው ብዬ ነው።

እትዬ እንጉዳይ ያረፉት በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ በጠናበት ሰሞን ነው። ቀብራቸው አልፎ ዘመዶቻቸው ዕቃቸውን ሲያነሱ፣ ከአልጋቸው ሥር አፉ በጨርቅ የታሰረ ቅል ወጣ። የእህታቸው ልጅ ቄስ ናቸውና እሳቸው ፈትተው ሰፌድ ላይ ዘረገፉት። የብር ቀለበት፣ ሰማያዊ ዶቃ፣ የሲኒ ስባሪ፣ የእንዝርት ራስ፣ በቁራጭ ጨርቅ የተሰፋ አንዲት ትንሽ ነገር፣ ጫፉ የታኘከ የደረቀ የጌሾ እንጨት። ቄሱ ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«መተት ነው!» አሉ። «አክስቴን የገደላት ይኸ ነው! ጠበል አምጡ!»

አጠገቤ የተቀመጠችውን በላይነሽን አየሁ። እሷም አየችኝ። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቀጠቀች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ያዩ ሰዎች የምታለቅስ መስሏቸው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» አሏት። ያን ጊዜ አልቻልንም፤ ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው የሠፈሩ ሴቶች ሁሉ ፈነዳን።

እትዬ እንጉዳይ ቅዳሜ ገበያ ጌሾ ይሸጡ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ የፊት ጥርሳቸው መካከል ሰፊ ፍንጭት ያላቸው ሴት ነበሩ። አንዲት የጌሾ እንጨት ሁልጊዜ ከአፋቸው አትጠፋም፤ ሲያስቡ በቀኝ ያኝኳታል፣ ተንኮል ሲያስቡ ወደ ግራ ያዞሯታል። በከተማው ጠላ የምትጠምቅ ሴት ሁሉ ደንበኛቸው ስለነበረች፣ የማን ቤት እንደሚያፈስ፣ የማን ባል ደመወዙን ቤት ሳያደርስ እንደሚጨርስ ሳይጠይቁ ያውቃሉ።

እኔን «ስጋት» ነበር የሚሉኝ። ስሜ ሙሉ ነው፤ በስሜ ጠርተውኝ ግን አላስታውስም። «አንች ስጋት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈርተሽ አደርሽ?» ይሉኛል። እውነትም ፈሪ ነበርኩ። በር ዘግቼ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ የምነካ፣ ለልጆቼ ወተት ሳፈላ ሳልቀምስ የማልሰጥ ሴት ነኝ። ትምህርቴም ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ የቀረውን በመሠረተ ትምህርት ነው የጨመርኩት። ፈሪ የሚያደርግ ዘመንም ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ሰው ቃሉን መርጦ ይናገር ነበር።

የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነው። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ ቤቱም እንደ ኪራዩ ነው። የጀርባው ግድግዳ ክረምት ከበጋ ይረጥባል። ትንሿ ልጄ ከዚያ ግድግዳ ጋር እየተኛች ሳል ያዛት፤ የሆስፒታሉ ሐኪም መድኃኒት ጽፎልኝ «መኝታዋን ቀይሩላት» አለኝ። ወዴት እንደምቀይራት ግን አልጻፈልኝም። ባለቤቴ ማክሰኝት የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ቅዳሜ ብቻ ነው።

እንዲህ ሳለን ቀበሌው ከከተማው ዳር ቦታ ሲመራ ለእኛም ደረሰን። ከደስታዬ ብዛት አልቅሻለሁ። ግን ሕግ ነበረው፦ ሰኔ ሳያልቅ ጣራ ያልለበሰ ቤት ቦታው ተነጥቆ ለሌላ ይሰጣል። ግድግዳውን በደቦ አቆምነው። ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠን፣ እንዲቦካ አሳድረን፣ መርገን ጨረስን። አፈሩ የእግዜር፣ ጉልበቱ የራሳችን ነው። ቆርቆሮው ግን የነጋዴ ነው፤ እሱ ዘንድ ስንደርስ ቆምን።

ለዚህ ነው እትዬ እንጉዳይ እቁብ ውስጥ የገባሁት። እቁባቸው እንደ ሰው እቁብ አልነበረም። ዕጣ የደረሳት ሴት ብር አታይም። ዳኛዋ እሳቸው ናቸውና ብሩን ይዘው ፒያሳ ይሄዳሉ፤ ከነጋዴው ጋር ተከራክረው ቆርቆሮ ያስጭናሉ። ቆርቆሮው ሌባ እንዳይወስደው፣ መሬቱም እንዳያዝገው፣ ከሴትዮዋ ፍራሽ ሥር አልጋዋ ላይ ይነጠፋል።

«ምነው ብሩን በእጃችን ቢሰጡን?» ያለቻቸው ነበረች።

«ብር መቀነት ውስጥ ሆኖ ይጮሃል» አሏት። «ዘመድ ይሰማዋል፣ ባል ይሰማዋል። ቆርቆሮ አበድሪኝ ብሎ የመጣ ዘመድ አይተሻል? ቆርቆሮ ተሸክሞ ጠጅ ቤት የገባ ባልስ?»

ችግሩ የአልጋው ድምፅ ብቻ ነበር። የበላይነሽ ባል የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ፣ ከረባት የማይፈታ ኮራ ያለ ሰው ነው። አንድ ጠዋት እትዬ እንጉዳይን መንገድ ላይ አስቆማቸው።

«እትዬ እንጉዳይ፣ እርስዎ እኮ ትዳሬን ለሠፈር አወጁት!»

«ምነው ልጄ? ምን ሆንክ?»

«በተገላበጥኩ ቁጥር ጎረቤት ያስላል።»

እንጨታቸውን ወደ ግራ አዞሩ። «እንግዲያ ቤቱ እስኪያልቅ ቀስ ብለህ ተገላበጥ» አሉት። ያን ዓመት እንደ ጸሐፊው ቤት ለመሥራት የቸኮለ ሰው አላየሁም።

ዕጣ አወጣጣቸውም የራሳቸው ነው። ወረቀት አያምኑም፤ ማንበብ አይችሉማ። እያንዳንዷ ሴት ከቤቷ አንድ ነገር አምጥታ ቅሉ ውስጥ ትጨምራለች። በላይነሽ የብር ቀለበቷን፣ ሌላዋ ዶቃዋን፣ ሌላዋ የሲኒ ስባሪ ጨምረዋል። እሳቸው የጌሾ እንጨታቸውን ከተቱ። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እቤታቸው እንሰበሰባለን። ቅሉን ይነቀንቁታል፣ በነጠላ ይሸፍኑታል፣ እጅጌያቸውን እስከ ክንዳቸው ይሰበስባሉ፣ መዳፋቸውን ገልብጠው ያሳዩናል። ከዚያ ዐይናቸውን ወደ ጣራ ሰቅለው፣ ከንፈራቸውን እንደ ጸሎት እያንቀሳቀሱ እጃቸውን ይሰዳሉ።

እቁቡ ሲጀመር መጀመሪያ የወጣው የራሳቸው የጌሾ እንጨት ነበር አሉ። ሴቶቹ ሲጉረመርሙ «ምን ላድርግ፣ እግዜር ዳኛ አይዝነብባት ብሎ ነው» አሉና አላፈሩም። ከዚያ በኋላ ግን የሚወጣው ሁሉ ሸጋ ይሆን ነበር። ባሏ የታመመባት ሴት ዶቃ ይወጣል። ቤቷ የፈረሰባት ሴት የሲኒ ስባሪ ይወጣል። እኔም የእግዜር ሥራ ነው እል ነበር።

ዕቃዬን የምጨምርበት ቀን ሲደርስ የባለቤቴን የካፖርት ቁልፍ ይዤ ሄድኩ። ቅሉን ሳየው ጎኑ ላይ ስንጥቅ አለው። ቁልፌ በስንጥቁ ሾልኮ ቢጠፋስ? እቤቴ ተመልሼ በቁራጭ ጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ዙሪያውን በነጭ ክር፣ በጥቃቅን ስፌት ሰፋሁት። ከዚያ ጨመርኩት።

ሳምንት አለፈ፤ ሌላ ወጣ። ሌላም ሳምንት አለፈ፤ አሁንም ሌላ ወጣ። ሰኔ ገባ። ደመናው ከሰሜን ተራሮች እየወረደ በጎጆዬ ግድግዳ ላይ ያንዣብባል። ጭቃው ጣራ ሳያገኝ ዝናብ ካገኘው ወደ መጣበት ይመለሳል። ቀበሌው የቦታ ኮሚቴው የሚመጣበትን ሰኞ አስታወቀ። ከዚያ በፊት ቆርቆሮ ተገዝቶ እንዲመታ የሚያደርስ ዕጣ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ያን እሑድ እጃቸው ቅሉ ውስጥ ቆየ። እንጨቷ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። ግንባራቸው አላበው።

«ምነው ቅሉ ዛሬ ጥልቅ ሆነብኝ?» አሉ።

ከዚያ አወጡ። የብር ቀለበት ነበር። በላይነሽ እልል አለች። የአንድ ዕጣ ቆርቆሮ ከቤቱ ግማሽ በላይ እንደማይሸፍን አውቃለሁ፤ ግን ግማሹን አልብሼ ኮሚቴውን በልጄ ሳል እለምናለሁ ብዬ ነበር። አሁን የምለምንበት የለኝም።

ሴቶቹ ሲወጡ «አንች ስጋት፣ ቆይ፤ ጌሾውን አብረሽኝ ትሰበስቢያለሽ» አሉኝ። በሩን ዘጉ።

«ቁልፍሽ የት ገባ?»

«ቅሉ ውስጥ ነው።»

«ጣቴ አላገኘውም። ምን አድርገሽዋል?»

«በጨርቅ ሰፍቼዋለሁ። በስንጥቁ ሾልኮ እንዳይጠፋብኝ ብዬ…»

ጭንቅላታቸውን ያዙ። «አወይ እኔ! ሦስት እሑድ ሙሉ የካፖርት ቁልፍ ስፈልግ፣ ለካ ሸማ አልብሰሽዋል!»

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። «ይመርጣሉ እንዴ?» አልኳቸው።

«ታዲያ ማን ይምረጥ? ቅሉ?»

«እትዬ፣ ኃጢአት እኮ ነው!»

«ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ሚስታቸው መቼ እንደሚደርሳት ጠየቁኝ።»

እንደዚያ አዝኜ ሳለ ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ጥፋቱ ያንች ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እኔ የማደርገውን እያየሽ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ገባሽ?» ገባኝ አልኩ። እንጨቷ ግራ ነበረች።

ሰኞ የበላይነሽን ቆርቆሮ ከፒያሳ አስጭነው አመጡላት። በማግስቱ እትዬ እንጉዳይ ጌሾአቸውን ተሸክመው ከቤት ቤት ዞሩ። በላይነሽ ቤት ገብተው ጌሾ ሰፈሩላት። ከዚያ ወደ በሩ ዘወር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ቆርቆሮሽ ደህና ነው?»

«ከፍራሹ ሥር ነው። ምነው?»

«ኧረ ምንም። እንዲያው ብዬ ነው። የአልጋ ልብሱን እስከ መሬት ዝቅ አርጊው።»

«ምነው እትዬ? ምን ሰሙ?»

«እኔ ምን እሰማለሁ? ጌሾ ሻጭ ነኝ። አልጠየቅሁሽም በይ።» ብለው የጌሾውን ዋጋ ሳይቀበሉ ወጡ።

በላይነሽን ያስደነገጣት ይኸ የመጨረሻው ነው። እትዬ እንጉዳይ ዋጋ ሳይቀበሉ ከሄዱ አገር ተገልብጧል ማለት ነው። ሁሉም ቤት እንዲሁ አደረጉ። አንዲት ውሸት አልተናገሩም፤ ጠየቁ ብቻ። የቀረውን ሴቶቹ ራሳቸው ሞሉት። ዕቃ ያከማቸ በአሻጥር ይያዛል የሚባልበት ጊዜ ነው። ሐሙስ ላይ ወሬው ቤት ለቤት ፍተሻ ሊኖር ነው ሆነ። ዓርብ ላይ የፈታሾቹ ቁጥር ሳይቀር ተነገረ። ወሬው ከማን እንደተነሣ ቢታወቅ እትዬ እንጉዳይ የሚሄዱበትን አውቃለሁ። አፌን ለመዝጋት ተስማምቻለሁና ዘጋሁ፤ ሌሊት ግን እየተነሣሁ በሬን እነካ ነበር።

«የት እናድርገው?» ብለው ሴቶቹ እሳቸው ዘንድ ሮጡ።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉ እትዬ እንጉዳይ። ትንሽ አኝከው «ግን እቤት የተቀመጠ ነው እንጂ፣ በሚሠራ ቤት ላይ ያለ ቆርቆሮ ማን ይናገረዋል? የዚች የስጋት ግድግዳ እንደሁ ራቁቱን ቆሟል። ለጊዜው ነው» አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ፀሐይ ስትወጣ ሴቶቹ ቆርቆሮአቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በራሳቸው ተሸክመው መጡ። ማንም እንዳያያቸው ጎንበስ ብለው በአጥር ሥር ይሄዳሉ፤ ቆርቆሮው ግን በእያንዳንዱ እርምጃ ጓ! ጓ! እያለ ሠፈሩን ሁሉ ቀሰቀሰው። ግድግዳዬ ላይ ሲደርሱ አያ ንጉሤ አናጢው ሚስማር በጥርሱ ነክሶ፣ መሰላሉን አቁሞ ይጠብቃል።

«አያ ንጉሤ ምን ይሠራል እዚህ?» አለች በላይነሽ።

«ሳይመታ ነፋስ ይወስደዋል። በሁለት በሁለት ሚስማር ጠቅ ጠቅ ያርገው ብዬ ነው» አሉ እትዬ እንጉዳይ።

አያ ንጉሤ መታ። ጠቅ ጠቅ ሳይሆን አጥብቆ መታ። በላይነሽ ገና የደረሳት አዲስ ቆርቆሮ ሲበሳ አይታ ጮኸች።

«እትዬ! ተበሳ እኮ!»

«ያልተበሳ ቆርቆሮ ክምችት ነው፤ የተበሳ ቆርቆሮ ጣራ ነው» አሏት። «የትኛውን ነው ከፈታሽ ፊት የምትፈልጊው?»

ሰኞ የቦታ ኮሚቴው መጣ። ሊቀመንበሩ ወፍራም፣ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። ጣራውን ቀና ብሎ አየ። ከፊሉ አዲስ ያብረቀርቃል፣ ከፊሉ ዝጎ ቡናማ ሆኗል፣ አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው።

«ይኸ ጣራ ምነው ዥንጉርጉር ሆነ?» አለ።

ሁሉን ልናገር አፌን ስከፍት እትዬ እንጉዳይ ከፊቴ ቆሙ።

«የሰፊው ሕዝብ ጣራ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

ሊቀመንበሩ ይቆጣ ይሳቅ ሳይቆርጥ ዝናቡ ወረደ። ኮሚቴው በሙሉ እየሮጠ ቤቴ ገባ። ሴቶቹም ቆርቆሮአቸውን ሊጠብቁ መጥተው ነበርና ገቡ። እያንዳንዷ ሄዳ ከራሷ ቆርቆሮ ሥር ቆመች፤ አንገታቸውን ሰቅለው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ያያሉ።

«ሴቶቹ ምን ያያሉ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ያፈስ እንደሁ ነው» አሉ እትዬ እንጉዳይ።

አላፈሰሰም። ሊቀመንበሩ ደረቅ ልብስ ለብሶ፣ በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ፣ ይኸ ጣራ አይደለም ሊል አልቻለም። ዝናቡ እስኪያባራ ልጄ ጥግ ላይ በጋቢ ተጠቅልላ ተኝታ ነበር። በዚያ ሁሉ ጫጫታ አልነቃችም። ዝናቡ ሲያባራ ሊቀመንበሩ «ጸድቋል» ብሎ ወጣ።

ፍተሻ የሚባል ነገር አልመጣም። በሳምንቱ በላይነሽ ተናዳ፣ ሌሎቹን አስከትላ መጣች። «ቆርቆሮዬን አውርዱልኝ! ተታልያለሁ!» አለች።

እትዬ እንጉዳይ መሰላሉን ራሳቸው ተሸክመው አምጥተው ግድግዳው ላይ አስደገፉላት። «ይኸው። ውጭና ያንችን ለይተሽ ንቀይ።»

በላይነሽ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣች። በጣራውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ወደ ውስጥ አየች። ምን እንዳየች አውቃለሁ፤ ልጄ መሬት ላይ ቁጭ ብላ፣ ሳትስል፣ በእንጨት ቁራጭ ትጫወት ነበር። በላይነሽ መሰላሉ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ እየተሳደበች ወረደች።

«አንድ ሚስማር ቢላላ ግን አንች ነሽ ተጠያቂዋ!» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ የእኔ ዕጣ ለእሷ ገባ፣ ቀጥሎም ለሌሎቹ። እቁቡም መልኩን ለወጠ። ቆርቆሮው በየፍራሹ ሥር ለየብቻው መዛጉ ቀረ፤ የሁላችንም እየተሰበሰበ በተራ አንድ ሙሉ ቤት ያለብስ ጀመር። ሁለተኛው የበላይነሽ ቤት ነበር፤ ባሏ ጸሐፊው ከረባቱን ፈትቶ ሚስማር ሲያቀብል አይቻለሁ። ወሬም ማስወራት አላስፈለገም። ዛሬ በዚያ ሠፈር ዥንጉርጉር ጣራ ያየ ሰው ከማን እጅ እንደመጣ ይወቅ።

እቁቡ ሲፈርስ ዕቃችንን እንዲመልሱልን ጠየቅናቸው። «ይቀመጥልኝ» አሉ። «ዐይኔ እየደከመ ነው፤ በጣቴ አስታውሳችኋለሁ።»

እንግዲህ ቄሱ መተት ነው ያሉት ይኸንን ነው። ሳቃችን ትንሽ በረድ ሲል እየተነሣን የየራሳችንን ከሰፌዱ ላይ አነሣን። «የእኔ ነው አባ፣ ይቅርታ አባ» እያልን። እኔም የተሰፋችውን ጨርቅ አነሣሁ። ቅሉ ውስጥ ከጨመርኳት ወዲህ በእጄ ስይዛት የመጀመሪያዬ ነው።

ጨርቁ የእኔ ነው። ስፌቱ ግን የእኔ አይደለም። እኔ በነጭ ክር፣ በጥቃቅን ነው የሰፋሁት። ይኸ ጥቁር ክር ነው፤ ስፌቱ ሰፋፊ፣ አንዱ ከአንዱ የተራራቀ፣ እንደ እትዬ እንጉዳይ ጥርስ ፍንጭት።

በላይነሽ በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አየች።

«ይቺን አውቃታለሁ!» አለች። «መርፌውን ያጎረስኩላቸው እኔ ነኝ። መርፌውም ክሩም የእኔ ነው።»

«መቼ?»

«ቀለበቴ የወጣ ዕለት፤ ጠዋት፣ ከዕጣው በፊት። ቤታቸው ቀድሜ ደርሼ ነበር። ምንድን ነው ብላቸው ክታብ ነው አሉኝ።»

እትዬ እንጉዳይ ያን ጠዋት ጨርቁን ፈትተው፣ የእኔ ቁልፍ መሆኑን አይተው፣ መልሰው ሰፍተውት ነበር። እጃቸውን ሲሰዱ የትኛው የእኔ እንደሆነ በደንብ ያውቃሉ። ላቡም፣ ጥልቅ የሆነው ቅልም ለእኛ ነበር። የእኔ ዕጣ ቢወጣ ግማሽ ጣራ አገኝ ነበር፤ ስላልወጣ የሁሉንም አገኘሁ። ጥፋቱ ያንች ነው ያሉኝም አፌን ለማስዘጋት ነው። እኔ ደግሞ ያን ያህል ዓመት ስለዚያች ስፌት ራሴን ስወቅስ ኖሬ ነበር።

«የኔን ቀለበት አውጥተው፣» አለች በላይነሽ፣ «በኔው ክር፣ በኔው መርፌ…» መጨረስ አልቻለችም። ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች፤ አልጠቀማትም።

ከመጀመሪያው ይልቅ ሳቅን። ድንኳኑ ላይ ዝናቡ ይወርዳል፣ እኛ እንባችን ይወርዳል፣ የቱ የሐዘን የቱ የሳቅ እንደሆነ እኛም አናውቅም። ቄሱ ጠበሉን ይዘው ከፊታችን ቆሙ። አንድ ጊዜ ባዶውን ቅል፣ አንድ ጊዜ እኛን አዩ። ከዚያ ቅሉን ተዉና ጠበሉን በእኛ ላይ ረጩት።